የአያ ደንደኔ መዋኛ ገንዳ

እንስሳት ሁሉ አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት፣ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሰምቶ በማይጨርስበት በዚያ ዘመን፣ ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር አያ ደንደኔ የሚባል ጉማሬ ከሚስቱ ከእመት ሙላቷ ጋር ይኖር ነበር። ቀን ቀን ሐይቁ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይወጣና ጓሮው ውስጥ የበቀለውን ለምለም ሣር እየጋጠ ያመሻል። ጓሮው አጥር የለው፣ ወንበር የለው፤ ሣርና ጭቃ ብቻ ነበር። አያ ደንደኔ ግን ከዚህ የተሻለ ኑሮ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ማሰብም ብዙ አይወድም ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጎሽ ጓሮውን አሳድሶ ለምርቃት ጠራቸው። ጎሽ መሬቱን በጥርብ ድንጋይ አንጥፎ፣ የቀርከሃ ሶፋ ደርድሮ፣ በላዩ የኮባ ቅጠል ጥላ ዘርግቶ ነበር። እንግዶቹ በየተራ ሶፋው ላይ እየተቀመጡ «አቤት! አቤት!» አሉ። እመት ሙላቷም «አቤት» አለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን አፏን ዘጋች። ሦስት ቀን ሙሉ ባሏን አላነጋገረችውም።

በአራተኛው ቀን «ኧረ ምን በደልኩሽ?» አላት።

«ጎሽ እንኳ!» አለች። «በቀንዱ እንጂ በጭንቅላቱ ተጠቅሞ የማያውቅ ጎሽ እንኳ የቤቱን ዋጋ በእጥፍ አሳደገ። እኛ ጭቃ ታቅፈን እንሙት?»

«ቤቱን ሊሸጥ ነው እንዴ?»

«ማን ይሸጣል አለህ? ዋጋው ጨመረ ነው የምልህ!»

አያ ደንደኔ አልገባውም። ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው እሺ ማለት ልማዱ ነበርና እሺ አለ።

በማግሥቱ ኢንጂነር ጦጣ መጣ። ይህ ጦጣ ኢንጂነር የተባለው ከአንድ አናጢ ቤት ሜትር ሰርቆ ስለመጣ ነው። ሜትሩን ከዛፍ ዛፍ ወጠረ፤ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፤ ቀኙን ጨፍኖ አየ፤ ከዚያም ሐዘን እንደገጠመው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ ጓሮ ውስጥ የጎደለው መዋኛ ገንዳ ነው» አለ።

አያ ደንደኔ ዞር ብሎ ሐይቁን አየ። ሐይቁ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ኢንጂነር፣ ይኸው ሐይቅ አለ አይደል እንዴ?»

«ሐይቅ የሁሉም ነው፣ አያ ደንደኔ። የሁሉም የሆነ ነገር የቤት ዋጋ አይጨምርም።»

እመት ሙላቷ «ሰማህ?» በሚል ዓይን ባሏን አየችው።

ሥራው ተጀመረ። ፍልፈሎች ያንን ሁሉ ሣር ነቅለው ጉድጓድ ቆፈሩ። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ሥር ነጭ ድንጋይ እየፈነቀሉ አመጡና ወለሉንና ዳር ዳሩን አነጠፉ። የቀርከሃ ሶፋና የወፍ ላባ የተሞላ ትራስም መጣ። ወፎቹ ላባቸውን ወደው እንደሰጡ ኢንጂነር ጦጣ ምሎ ተናገረ፤ ወፎቹን ግን የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ ውሃው ከሐይቁ በቦይ ተጠልፎ ገንዳውን ሞላው። በነጩ ድንጋይ ላይ ጥርት ብሎ ሲተኛ ሰማይ ወርዶ ጓሮው ውስጥ ያረፈ ይመስል ነበር።

አያ ደንደኔ ሲያየው ግባ ግባ አለው። ስንት ሳምንት የድንጋይ አቧራ ሲውጥ ከርሟል። ጥቂት ወደ ኋላ አለና ሊዘል ሲንደረደር ኢንጂነር ጦጣ ሮጦ ጅራቱ ላይ ተንጠለጠለ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልዋኝ ነዋ!»

«ገንዳ ውስጥ?» ጦጣው ደነገጠ። «እርስዎ ከገቡ እኮ ግማሹ ውሃ ይፈሳል፣ ግማሹ ይደፈርሳል። ዋጋ የሚያወጣው መጥራቱ ነው!»

«እሺ፣ ሐይቁ ጋ ሄጄ ተነክሬ ልምጣ።»

«በዚያ ጭቃ እግርህ ነጩን ድንጋይ ልትረግጥ?» አለች እመት ሙላቷ።

ስለዚህ አያ ደንደኔ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ውሃው ከአፍንጫው ሥር ሆኖ ቆዳው በፀሐይ ተሰነጣጠቀ። ጉማሬ ሲደርቅ የሚያወጣው ቀይ ወዝ ትራሱ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ሚስቱ ትራሱን እየገለበጠች ንጹሁን ፊት ወደ ላይ ታደርጋለች። ለግጦሽም ከኮረብታው ጀርባ ድረስ መሄድ ነበረበት። አንድ ከሰዓት የእሷም ጆሮ ጫፉ ተሰንጥቆ አየ።

«ያምሻል?» አላት።

«ሸንጎው እስኪመጣ ነው» አለች፤ ፊቷን አዙራ።

ሸንጎው ማለት የጫካውን ቤቶች ዋጋ የሚገምተው ነው። ሰብሳቢው ነብር ነበር። ነብር ቤት ኖሮት አያውቅም፤ የሚተኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሲመረጥ ግን ዓይኑን እያየ «አልመርጥህም» የሚል አልተገኘም። ጸሐፊዋ ሰጎን ነበረች። ሸንጎው በመጣበት ቀን ጎሽም ሳይጠራ ተከትሎ መጣ።

ነብር በገንዳው ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞረ። «ውሃው ግሩም ነው። ድንጋዩም ግሩም ነው» አለ። ከዚያ ቆመና በጥፍሩ ወደ ሶፋው አመለከተ። «እይታውን የሚያበላሸው ይህ ትልቅ ግራጫ ነገር ነው። ምንድን ነው እሱ?»

አያ ደንደኔ ሚስቱን አያት። «ባሌ ነው» ትላለች ብሎ ጠበቀ። እመት ሙላቷ መሬት መሬት አየች።

«ይነሳል» አለች ቀስ ብላ።

አያ ደንደኔ ተነሳ። ነጩን ድንጋይ በአራት እግሩ እየረገጠ ሄደና ገንዳው ውስጥ ተዘረገፈ። ውሃው ተነስቶ ሰጎንን እስከ አንገቷ አለበሳት። ቀጥሎ የሆነውን እሱ አስቦ አላደረገውም፤ ውሃ ሲያገኝ ሰውነቱ የለመደው ነገር ነው። ጅራቱ እንደ ወንጭፍ መሽከርከር ጀመረ፤ ፋንድያውም ወደ አራቱም አቅጣጫ ተረጨ። ትራሱን አገኘው፤ ጎሽን አገኘው፤ የነብሩም ነጠብጣብ ቁጥሩ ጨመረ።

ነብር ዓይኑን ጠረገና ጥርሱን ሊያሳይ ሲል ኢንጂነር ጦጣ ዘሎ መሐል ገባ።

«ክቡራን!» አለ። «ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ አሠራር ነው፤ የተፈጥሮ ርጭት ይባላል። እስካሁን የገባው አንድ ጓሮ ብቻ ነው!»

ነብር ሰጎንን አየ። ሰጎን ነብርን አየች። ሁለቱም አላውቀውም ማለት አልፈለጉም።

«ሰምቼበታለሁ» አለ ነብር ከጢሙ ላይ እያራገፈ። «ጸሐፊ፣ አራት እጥፍ ብለሽ ጻፊ።»

«ኢንጂነር» አለ ጎሽ ተጣድፎ፣ «ለእኔስ አንድ ትተክልልኛለህ?»

እመት ሙላቷ ግንባሯ ላይ ያረፈውን እንኳ ሳትጠርግ በደስታ አለቀሰች። አያ ደንደኔ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። ከገንዳው ወጣና ወደ ሐይቁ አቀና። ሚስቱ ከኋላው ሮጠች።

«ወዴት ነው? አራት እጥፍ ሆነ እኮ! ነገ ደግሞ ሌሎች ሊያዩህ ይመጣሉ!»

አያ ደንደኔ የፊት እግሮቹን ውሃው ውስጥ ከትቶ ዞር አለ።

«ሙላቷ፣ ሲቆሽሽ ዋጋው በሚጨምር ቤት ውስጥ የሚታጠብ አያስፈልግም» አላት። «እኔ ልታጠብ ሄድኩ።»