የመናኸሪያው ኧርል

የዳንግላ ሕዝብ ሆይ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ፦ ክቡረ ክቡራን ልብስ ሰፊው ጋሽ አስማረ ዛሬም በረንዳቸው ላይ ተሰይመው ሱሪ እያሳጠሩ ነው!

በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ያላየውን አገር ከተወለደበት ቀበሌ አብልጦ የሚያውቅ። ጋሽ አስማረ ከባሕር ዳር አልፈው አያውቁም። የእንግሊዝን መኳንንት ግን ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ አጥንተው ጨርሰዋቸዋል፤ ዱክ፣ ማርኪስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት፣ ባሮን። ሰፊው ሕዝብ የራሱን ፊውዳል በስንት መከራ ገረሰሰ፤ እሳቸው የባዕድ ፊውዳል እንደ አሮጌ ሱሪ ይጥፋሉ።

ልትለካ ከቆምህ አለቀልህ። ዱክን "ጌታዬ" ማለት ነውር ነው፤ "ጸጋዎ" ነው የሚባል። "ሰር" የተባለ ሰው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይጠራም፤ ይኸንንስ ከእኛ ነው የኮረጁት ይላሉ። የእድራችንን ዳኛ ቫይካውንት፣ አንዱን ባጃጅ ነጂ ባሮን አድርገው ሾመዋል። የእኔንም ማዕረግ ጠይቄያቸው ነበር።

"አንተ ተራ ሰው ነህ ልጄ፤ ሚስተር ይበቃሃል።"

እንግዲህ ስሜነሽን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አቶ ምህረቴ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ በጋሪ ሰው ያመላልሳሉ። ፈረሳቸው ግንባሩ ነጭ፣ ቦራ ነውና ከተማው በሙሉ "ባለቦራው" ይላቸዋል፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። የላክኋቸው ሽማግሌዎችም የዘወትር ተሳፋሪዎች ኖረው፣ ምላሳቸው ለምዶ፣ ደጅ ላይ "ባለቦራው፣ አለህ?" ብለው ተጣሩ። ሰውየው "ዛሬ ጋሪ የለም" ብለው በሩን ዘጉባቸው።

ስሜነሽ አባቷ ሁለተኛ እምቢ ካሉ ነገሩ እንዳበቃ ላከችብኝ። ሁልጊዜ የማላግጥባቸው ጋሽ አስማረ ዘንድ እያፈርሁ ሄድሁ። ኮታቸውን ደርበው ከአጎቴ ከይሄነው ጋር ተነሡ።

አጎቴ እንደነገረኝ፣ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና እንደ ወጉ ቆሙ። ጋሽ አስማረ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

"ጌታዬ አቶ ምህረቴ፣ ኧርል በግዛቱ ነው የሚጠራ፤ እርስዎ የመናኸሪያው ኧርል ነዎት። የኧርል ልጅ ሌዲ ናት። ሌዲ ስሜነሽን ለአንድ ተራ ሰው ልንለምን መጣን።"

አጎቴ በሩን ማየት ጀመረ።

"ኧርሉ ይቅር" አሉ አቶ ምህረቴ። "ከሱ በፊት ምን ነበር ያሉኝ?"

"ጌታዬ አቶ ምህረቴ ነው ያልሁ።"

"እስቲ እሱን ይድገሙልኝ።"

ጋሽ አስማረ ደገሙት።

"በሉ ተቀመጡ።"

ይኸው አገባሁ። ዛሬም ፊውዳሊዝም ይውደም ባይ ነኝ፤ ጋሽ አስማረን የሚነካብኝን ግን አልምርም። ሱሪዬ ባይረዝምም አሳጥሩልኝ እያልሁ እሄዳለሁ፤ ስለ ማርኪስ ሚስት አጠራር ገና አልጨረሱልኝም።

አንባቢ ሆይ፣ ዳንግላ ከመጣህ ጋሪ መሳፈርህ አይቀርም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ተደላድለህ ተቀምጠህ "ንዳው!" ከማለትህ በፊት፣ ነጂውን እስቲ ስሙን ጠይቀው።