ያልተለመነው እጩ

ስብሰባ ላይ ሲጠቆም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ እኔ አልችልም፣ ሌላ ምረጡ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እንዳታምኑት! ለወንበር እንደ እሱ የሚቋምጥ የለም። እምቢታው የእንግዳ «ጠግቤያለሁ» ነው፤ «በሞቴ!» እስኪባል ብቻ የሚቆይ።

ጎረቤቴ ጋሽ ይመር እንዲህ ናቸው። በሰፈራ ባምባሲ ሲመጡ ይሄን የወሎ ጨዋነታቸውን ይዘው ነው የመጡት። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሊመርጥ ሲሰበሰብ ተጠቆሙና እንደ ልማዳቸው «ይቅርብኝ» አሉ። አስመራጩ አደም ግን የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ለእሱ ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

«እሺ፣ ጋሽ ይመር አይፈልጉም። ሌላ ጥቆማ?» አለና አለፈ።

ጋሽ ይመር ዝም ይላሉ? «ያለ አግባብ ከእጩነት ተሰረዝኩ» ብለው አሶሳ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ምስክራቸው እኔ ነበርኩ።

«አልፈልግም ብለዋል ወይስ አላሉም?» ብለው ጋሽ ይመርን ጠየቋቸው ዳኛዋ።

«ብያለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ግን ማን ለመነኝ?»

እኔም በመሐላ፣ ጨዋ ሰው ካልተለመነ እሺ እንደማይል በድፍረት መሰከርኩ። ዳኛዋ ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው በእጩነት ይመዝገቡ ብለን እንዘዝ?»

አሸነፍን ስል፣ ጋሽ ይመር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ኧረ ይቅርብኝ፣ ከእኔ የሚሻል ሞልቷል።»

ዳኛዋ እምቢታቸውን ሊመዘግቡ ብዕራቸውን አነሱ። ጋሽ ይመር ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩና፣ እንድለምናቸው በዓይናቸው ለመኑኝ። «በሞቴ!» ልል አፌን ስከፍት ችሎት አስከባሪው ተቆጣኝ፦

«ያለ ፈቃድ መናገር ክልክል ነው!»