ሻጭ ያጣ ቤት

ቤት መሸጥ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ወይ ደላሎች ናቸው፣ ወይ ቤት የላቸውም። ዋናው ጭንቅ ለየትኛው ደላላ ልስጠው የሚለው ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው ለከተማው ደላላ ሁሉ የሚያዳርሱ አሉ፤ አንዱን ገዢ ሦስት ደላሎች ይዘውት ይመጡና ደጅዎ ላይ ይጣሉልዎታል። ፎቶውን በቴሌግራም የሚያስለቅቁም አሉ፤ የእናትዎን ጓዳ የማያየው ሰው አይኖርም። ለአንድ ደላላ ብቻ የሚሰጡም አሉ። እኔ ከእነዚህ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ለሰው የሚነገር አልነበረም።

እናታችን ካረፈች በኋላ የደብረ ታቦሩ ቤት ለእኔና አንበሳሜ ከተማ አግብታ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ቀረ። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አንድ ቀን ደውዬ «እትዬ፣ ቤቱን ምን ብናደርገው ይሻላል?» አልኳት።

«አንተ እንዳልክ።»

የቸገራት መሰለኝ። «እንሽጠው ይሆን?»

«አንተ ካልክማ ይሸጥ።»

በዚሁ ተወሰነ። እኔ ግን ያን ቤት እወደው ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እናታችን ድምጿን ከፍ አድርጋ ለራት የምትጠራን ነገር ይናፍቀኛል። ስለዚህ ቤቱን በአገሩ ቀርፋፋ ለተባሉት ደላላ፣ ለአያ አስማረ ሰጠሁ። አያ አስማረ ገዢ ይዘው ሲመጡ በየደጁ ቆመው የሰዉን ከነከብቱ ደኅንነት ስለሚጠይቁ፣ ገዢው መንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። እህቴም ስማቸውን ስጠራ «ከእሳቸው ሌላ ለማንም እንዳትሰጥ» አለችኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

የፈሩት ይደርሳል። አያ አስማረ ከሩቅ አገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር አመጡ። ግማሽ ቀን ግቢው ውስጥ አቁመውት ወሬያቸውን ለቀቁበት። «ይችን ኮክ እናታቸው የተከሏት ልጅቱ ክርስትና የተነሣች ዕለት ነው። ወንዱ ደግሞ ከዚያች ቅርንጫፍ ወድቆ ጥርሱን ሰበረ።» ሰውዬው የራሱ እናት ቤት ትዝ አለውና ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሰው የኖረበት ቤት ስፈልግ ነበር አለ።

ልንፈርም ስንል እህቴ «ምን ትላለህ?» አለችኝ። «አንቺ እንዳልሽ» አልኳት። ፈረምን።

ቁልፉን ልናስረክብ በሄድን ቀን እህቴ ከአጥሩ ጥግ ጤና አዳም ቀንጥሳ እያሸተተች አለቀሰች።

«ምነው እትዬ? አንቺ ቸግሮሽ አይደል የሸጥነው?»

«እኔ? አንተ ቸግሮህ መስሎኝ እንጂ።»

አያ አስማረ በትራቸውን ተደግፈው ሁለታችንንም አዩን። «ገዢ ያጣ ቤት ብዙ አይቻለሁ» አሉ፤ «ሻጭ ያጣ ቤት ሲሸጥ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

መምህሩ ቁልፉን ኪሱ ከተተና በአክብሮት ጎንበስ አለ። «ኮኩ ሲበስል ትመጣላችሁ። እንግዶቼ ናችሁ።»

እህቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እርስዎ ካሉ» አለችው።