ባለ ሁለት ዓይኑ መነኩሴ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ቴአትር ቤታችን ተገልብጦ ነበር። ተመልካቹ መድረክ ላይ ቆሞ ያዛጋል፣ ያስነጥሳል፤ እኛ ተዋንያኑ ወንበር ላይ ተቀምጠን እናጨበጭብለታለን። ጠዋት በመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያየኋቸው ጃፓኖች፣ በእንጨት ተቀርጸው በወረቀት የታተሙት ካቡኪ የተባለው የድሮ ቴአትራቸው ተዋንያን፣ የምንኩስና ልብሳቸውን እንደለበሱ ከፍሬማቸው ወርደው ይንሸራሸራሉ። በባዶው ፍሬም ውስጥ ሥራ አስኪያጃችን ተሰቅለው ሻይ ይጠጣሉ።

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሃዲና ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ስሠራ ኖሬ፣ መነኩሴ ሆኜ እንድሠራ የተሰጠኝ ገና ዘንድሮ ነው። ሰው እንዲያምነኝ እጅግ ጓጉቻለሁ።

አንዱ የወረቀት መነኩሴ ልብሱ እየተንኮሻኮሸ መጣና አገጬን ያዘ።

"ይሄ ሰው ሁለት ዓይን አለው!"

"ታዲያስ፣ አባቴ! በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፣ በሁለት ዓይኑ። በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። የሚስቴ ወንድም እንግዳወርቅ ሠዓሊ ነው፤ የቴአትሩን ማስታወቂያም እሱ ነው የያዘው። ጠይቁት።"

"እዚህ ጻድቁ ባለ አንድ ዓይን ነው። አንተ ምን ብትበድል ነው ሁለቱም የወጡብህ?"

በጎኔ ዞርኩ። ሁለተኛው ዓይኔ ተከትሎኝ ዞረ። በሌላው ጎኔ ዞርኩ፤ አሁንም ተከተለኝ። መድረክ ላይ የቆሙት ጎረቤቶቼ "ድሮስ እሱ!" ተባባሉ።

"እባካችሁ፣ አንዴ እንኳ ልመንኩስ!" ብዬ ጮኽኩ።

መነኩሴው አዘነልኝ። አራት ቦታ ታጥፎ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እኔም እኮ፣ ወንድሜ፣ ወንበዴ ሆኜ ነው የጀመርኩት" አለና መቁጠሪያውን ዘረጋልኝ። ልቀበለው እጄን ስሰድ፦

"ባዩ! ኧረ ተነስ! ማስታወቂያው መጣ!"

ባለቤቴ አጸደ ናት። እንግዳወርቅ ሸራውን ከግድግዳው አስደግፎ ቆሟል። ቆብ አጥልቄ፣ መቋሚያ ይዤ፣ በጎኔ፣ በአንድ ዓይን ሥሎኛል።

"ምነው እንግዳወርቅ! ምን አደረግሁህ?"

"ፊት ለፊት ሞክሬው ነበር፣ ጋሽ ባዩ። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ባሳይ ማንም ሊያውቅህ አልቻለም።"

አጸደ የኩሏን ብልቃጥ አመጣች። ተንበርክካ፣ እዚያው ሸራው ላይ በተሣለው ጉንጬ ላይ፣ ከአንዱ ዓይን አጠገብ ሌላ ዓይን ጨመረችልኝ። ሁለቱ ተጨናንቀው አፈጠጡብኝ።

"በል፣ ይኸው ጸደቅህ" አለችኝ።