አባ መጥን የገዛ ደማቸውን በብብታቸው ያሞቁበት ዘመቻ

ማይክሮስኮፑ ለሁለተኛ ጊዜ በተጠገነ በአራተኛው ዓመት፣ በዘመነ ቧንቧ ማፏጨት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ የላቦራቶሪው ሊቅ፣ የጠብታ ዳኛ፣ የማይክሮሜትር ወዳጅ አባ መጥን፣ የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴል የደም ካንሰር ከያዘው ሰው ሴል በምን ያህል እንደሚለሰልስ ይለኩ ዘንድ ዘመቱ። ተከታዮቻቸውም የሚያንጠባጥብ ፓምፕ፣ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ጓንት ሁለት ጥንድ፣ ሁሉንም ዕቃ ወደ ቦታው በመመለስ የታወቁት እማማ በቦታው የሚባሉት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ።

የጦር ሜዳውም በመስታወት ላይ የተቀረጸ፣ ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ነበር፤ ለስላሳው ሴል ተጣጥፎ ቶሎ ያልፋል፣ ግትሩ ይዘገያል። የደም ካንሰር የያዛቸው የዐሥራ ሁለት ሕመምተኞች ሴሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ሰከንድ አለፉ። ቀጥሎ በጤነኛነት የተመረጠው የአባ መጥን የራሳቸው ደም ገባ፤ ገብቶም ቆመ፤ ቆሞም ቆየ፤ አንድ ሰከንድ ተኩልም ሆነ። ደግመው ለኩ፣ ሠልሰው ለኩ፤ ያው ነው። ከዐሥራ ሁለቱም የባስኩት እኔ ነኝ ብለው አመኑ፤ ጠረጴዛውን ተደግፈውም እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«የእኔ ነገር አብቅቷል! ለሚስቴ በስልክ እንዳትነግሯት። ወንበሬን ግን ከእኔ በኋላ ማንም ዝቅ እንዳያደርጋት፤ ከፍታዋ አርባ ስምንት ሴንቲሜትር ነው!»

እማማ በቦታውም መወልወያቸውን እንደ ዘንግ አቁመው አጸፋውን ዐወጁ፦

«ኧረ ወዲያ! ስማኝ የኔ ልጅ፣ ጎረቤት ክፍል ያለህም ስማ! የሕመምተኞቹን ብልቃጥ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አስተኝተህ፣ የራስህን ‹እኔ ምን እሆናለሁ› ብለህ ጠረጴዛ ላይ የጣልከው አንተ! አንሥቼ ፍሪጅ የከተትኩት፣ ስትፈልገውም እጅህ ላይ ያኖርኩት እኔ! በድርብ ጓንት ተቀብለህ ቅዝቃዜው መቼ ተሰማህ? ሰው እንኳ ሲበርደው ይገተራል፤ ያንተ ሴል ምን ቆርጦት ነው የሚታጠፈው?»

ወዲያውም አባ መጥን፣ ማሞቂያው ሣጥን ሞልቶ ነበርና፣ የተረፈውን ደማቸውን ከነብልቃጡ በብብታቸው ሥር አግብተው፣ ክንዳቸውን ገጥመው፣ ሃያ ደቂቃ ቆሙ። ስልክ ጮኸ፣ አላነሡም፤ አፍንጫቸውን በላቸው፣ አላከኩም። ከዚያም ብልቃጡ ወጣ፤ ሴሎቹም ቦዩን እንደ ቀለጠ ቅቤ ሾልከው በሩብ ሰከንድ አለፉ። ሠልሰው ለኩ፤ ሩብ፣ ሩብ፣ ሩብ። አባ መጥንም ተቀምጠው አለቀሱ፤ የእንባውን መጠን አልመዘገቡም፣ ይህም በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያው ነው። ዐይናቸውንም ጠርገው ዐወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ የማንም ደም፣ የእኔም ቢሆን፣ እኩል ሞቆ ይለካ! በሠንጠረዡ ‹ብርድ የመታው ጤነኛ› የሚል መስመር ይጨመር፤ ያገኙትም እማማ እንደ ሆኑ ይጻፍ!»

ክብር ለአባ መጥን፣ ሞትን በሩብ ሰከንድ ለረቱት፤ ክብር ለእማማ፣ ብልቃጥንም ሰውንም ወደ ቦታው ለመለሱት። ወንበራቸው ከአርባ ስምንት ሴንቲሜትር አትውረድ፤ ብብታቸውም ከሠላሳ ስድስት ተኩል ዲግሪ አይጉደል።