ያልተካፈልነው ውርስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ደክሞኛል ማለት ከተማውን በሙሉ ሐኪም ማድረግ ነው። እኔ ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ባንድ አፍ ደም ማነስ ነው ብሎ ፈረደ፤ ባለቤቴም ፍርዱን አጸናች። ጠዋት ጉበት፣ ማታ ምስር፣ በመሀል ደግሞ እሷ ስታረግዝ ተሰጥቷት የተረፈው የአይረን ኪኒን። በደከምኩ ቁጥር ምስሩ ይጨመራል። ማን በሚስቱ ላይ ያምፃል?

የጣቶቼ አንጓ ሲያብጥ ግን ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ውጤቱን አገላብጦ «ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ተከማችቷል» አለኝ። በዚህ ዘመን ብረት አከማችቷል የተባለ ሰው መጨረሻው አያምርምና፣ ግራ ቀኜን ቃኝቼ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ለመንኩት። ስቆ አስረዳኝ። የሌላው ሰው አንጀት ከምግቡ የሚበቃውን ብረት ወስዶ የቀረውን ይተወዋል፤ የኔ ግን በቃኝ ማለት አያውቅም። ትርፉ መገጣጠሚያ፣ ልብና ጉበት ላይ ይከማቻል፤ ዝም ከተባለም ይገድላል። ከእናት ከአባት የሚወረስ ነው፤ ሕክምናውም ደምን በየጊዜው እየቀዱ ማውጣት ነው። ለካ በጉበቱ፣ በምስሩና በኪኒኑ ብረት ስናክል፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ስንጨምር ነው የከረምነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት፣ ምስሩ ገና ግማሽ ኩንታል እንደቀረ አስታወሰችኝ።

ሐኪሙ ወንድም ካለዎት ይመርመር ብሎኛል። አለኝ፤ መዘዞ ገጠር ውስጥ የሚያርስ ታላቅ ወንድም። የሱ ጣቶች እንዲያውም ከኔ ቀድመው ነው ያበጡት፤ ብርድ ነው ይላል። ፈራሁለት። ደውዬ «ወንድም ጋሼ፣ ና ተመርመር» ስለው፣ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሞት የጠራው ነው አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ብተርትበት፣ ተረቱን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ ብሎ ዘጋብኝ። ሳምንት ቆይቼ እንደገና ደወልኩና፣ ከእናት ከአባታችን ያልተካፈልነው ውርስ ተገኝቷል አልኩት። ውሸት አለበት? የለበትም።

በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ከች አለ። አንደኛው የመሬት መለኪያ ገመድ ይዘዋል። ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ በቁጣ ሊመለስ ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይህን ሁሉ መንገድ በከንቱ አልመጣንም ብለው ፈረዱበት። ሳይወድ በግዱ ክንዱን ሰጠ።

ውጤቱ ሲመጣ የሱ ብረት የኔን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በጊዜ ነው የመጡት፣ ጉበትዎ አልተጎዳም ሲለው እንባዬ መጣ። ወንድም ጋሼ ግን የሰማው እጥፍ የሚለውን ብቻ ነው። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ «እናት አባታችን አብልጠው ይወዱ የነበረው ማንን እንደሆነ አሁን ታወቀ» አለኝ።