የ«ያው ነው» ባዮች ፍርሃት

ጅብ አልፈራም የምትሉ ሁሉ፣ «ያው ነው» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ነኝ። ለዚያራ ባሌ ሼክ ሁሴን ድረስ በእግሬ ተመላልሻለሁ፤ የዚህን ሰው ያህል የሚያስፈራ አውሬ ግን በመንገዴ አላየሁም።

በቀደም የልጅ ልጄ ሐዋ፣ ሮቤ ገበያ ያለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችኝ። ለመመረቂያዋ በበሽተኛ ክንድ የሚገባውን ግሉኮስ እየመጠነ የሚለቅ ማሽን እየሠራች ነው። የጎደለቻት በማሽኑ ውስጥ ያለውን የሰዓት ምት ተቀብላ የማሽኑ አንጎል ለሆነው ለዋናው ቺፕ የምታቀብል፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ዕቃ ናት።

ሰውዬው አንዷን አወጣና «ቶኩማ! ያው ነው፤ እኩል ነው የሚመቱት» አለ።

«ምቱስ እኩል ነው፣ አነሳሱ ግን ያዘግማል» አለችው ሐዋ። ወደ እኔ ወደ አያቷ ዞራ፣ «አኮ፣ ምቱ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ መነሳት አለበት። እንደ ዳገት ካዘገመ ቺፑ ግራ ይገባውና አንዱን ሁለት ብሎ ይቆጥራል» አለችኝ።

እኔም ጠየቅኳት፤ «የበሽተኛው መድኃኒትስ?»

«ልኩ ይዛባል።»

ሰውዬው ሳቀ። «እማማ፣ ማን ያውቅበታል? ያው ነው!»

ሐዋ ዕቃዋን አየቻት፤ ማስረከቢያዋ ነገ ነው። «ምን ይላሉ አኮ፣ እንውሰዳት ይሆን?»

ወላሂ፣ የዚያን ጊዜ ነው የፈራሁት። የሰውዬው «ያው ነው» ባይነት በአንድ ጊዜ ተጋባባት እንዴ?

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁላት። «ውሰጃት። መጀመሪያ ግን ማሽኑን እኔ ላይ ሰክተሽ ሞክሪ።»

ሐዋ ክንዴን አየች፤ ዕቃዋንም ለሰውዬው መለሰች።

ከሱቁ ወጥተን እንኳ እጅጌዬን እየጎተትኩ ክንዴን እሸፍን ነበር። «እሺ» ብትለኝስ ኖሮ?